ስለ ጽናትና ስለ ሙያ

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ጉባኤ ላይ የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የዛሬው በዓል ስሙ ኢዮቤልዩ ነው። ስሙም ከኦሪት የመጣ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው እስራኤል ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት፣ ይኸውም 49 ዓመት ከቈጠሩ በኋላ ኀምሳኛውን ዓመት ይቀድሱ ዘንድ ታዘዙ። በዚያ ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ባሪያው አርነት ይወጣል፤ ስለ ድህነቱ ርስቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ ይመለሳል። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የደስታና የእልልታ ቀን ብቻ አይደለም፤ የወደቀ ሰው የሚነሣበት፣ ያጣ ሰው እንደ ገና የሚጀምርበት ዓመት ነው። ሕጉን የሠራ አምላክ ሰው በዕድሜው ውስጥ መውደቅ እንዳለበት ያውቃልና የመነሻውን ዓመት አስቀድሞ በዘመን ቈጠራው ውስጥ አኖረለት።

በዚህ በዓል ስለ ቤተ ክርስቲያኑ መሠረት፣ ስላገለገሉትም አባቶች ብዙ ነገር ተነግሮአል፤ መነገሩም የተገባ ነው። ዳሩ ግን የኢዮቤልዩ ነገር መውደቅና መነሣት ከሆነ፣ በደብሩ አጥር ግቢ ውስጥ እያደጉ ስለ ወደቁት፣ ለመነሣትም ስለሚሹት ልጆች ሳይነገር ቢቀር በዓሉ ጐደሎ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ቃል ስለ ጽናትና ስለ ሙያ ነው፤ ይኸውም ሰው ከወደቀ በኋላ በምን ኀይል እንደሚነሣ፣ ከተነሣም በኋላ በምን ጥበብ ቆሞ እንደሚኖር ነው።

ስለ ዘመኑ ልጆች

ሁሉ እንደሚያውቀው የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና እንደ ቀድሞው በየትምህርት ቤቱ አልተሰጠም። ከዚያ በፊት ፈተናው ይሰረቅና ይቀዳ ስለ ነበር ተማሪዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው በዚያ እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ በ2015 ዓ.ም. በተገለጸ ጊዜ ከመቶ ተፈታኞች ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 ብቻ ሆኑ። በሚቀጥለውም ዓመት ፈተና ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። ይህም ማለት ከመቶ ልጆች ዘጠና ስድስት የሚያህሉት ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምረው በመጨረሻው ቀን ከደጅ ቀሩ ማለት ነው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ የማካካሻ ትምህርት ተፈቅዶላቸው ወደ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ የሚበዙት ግን ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

የዚህ ነገር ምክንያቱ ብዙ ነው። ወረርሽኝ ትምህርት ቤት ዘግቶ ነበር፤ ጦርነት ልጆችን ከቀያቸው አፈናቅሎ ነበር፤ መምህርና መጽሐፍ ያልበቃበትም ስፍራ ብዙ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በልጆቹ ራስ ላይ መጫን ቅን ፍርድ አይሆንም። ነገር ግን ምክንያቱ የማንም ቢሆን ኀዘኑ የገባው ከየቤቱ ነው። ውጤቱ በተሰማበት ቀን ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ እናቱ ምሳውን አቅርባ ሳይበላው ታነሣለች፤ አባቱ ለልጁ የከፈለውን በልቡ እየቈጠረ ዝም ይላል። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ስንት አመጣ ብሎ ይጠይቃል። መልሱም አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ወደቀ።

ይህ ቃል ከባድ ቃል ነው። ያልወደቀ ሰው ሲናገረው ቀላል ይመስለዋል፤ የተነገረበት ልጅ ግን እንደ ስም ይዞት ይኖራል። ከዚያም በኋላ አንዱ በመንደር ማእዘን ቆሞ ቀኑን ያመሻል፤ አንዱ ጭንቀቱን በጫትና በመጠጥ ሊያስረሳ ይሞክራል፤ አንዲቱ ደግሞ የማታውቀውን ቤት ልታገለግል ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ደላላ ትፈልጋለች። እነዚህ ሁሉ የደብሩ ልጆች ናቸው። በዚህ ደጅ ክርስትና የተነሡ፣ በጥምቀት ቀን ታቦቱን አጅበው የዘመሩ ናቸው። እንግዲህ የእነርሱ ነገር የመንግሥትና የትምህርት ቤት ነገር ብቻ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይችልም። ይልቁንም ቤተ ክርስቲያን ስለ መውደቅና ስለ መነሣት የምታስተምረው በቃል ብቻ አይደለምና፣ በገዛ ቤቷ ውስጥ በተግባር የተፈተነ ትምህርት አላትና፣ እርሱን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ስለ ቅዱስ ያሬድ

በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ ዛሬ የዜማ አባት ተብሎ ይከበራል። ነገር ግን አስቀድሞ ትምህርት የማይገባው ልጅ ነበረ። ታሪኩ እንደሚተርከው እናቱ ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው፤ እርሱም ሊያስተምረው ብዙ ደከመ፤ ልጁ ግን ቃሉን ይዞ ማደር አልሆነለትም። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ መምህሩም ተቈጥቶ ገረፈው። ያሬድም ይህን መታገሥ ስላልቻለ ትምህርቱን ትቶ ሸሸ።

ማይ ኪራሕ በተባለው ስፍራ ሲደርስ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ። በዚያም አንድ ትል ዛፉን ሊወጣ ሲታገል አየ። ትሉ ጥቂት ይወጣና ይወድቃል፤ እንደ ገና ይወጣና ይወድቃል። ስድስት ጊዜ ወደቀ። በሰባተኛው ጊዜ ግን ከላይ ደርሶ የፈለገውን ፍሬ በላ። ያሬድም ይህን አይቶ አለቀሰ፤ ተነሥቶም ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ይቅርታም ጠይቆ ትምህርቱን ጀመረ። ከዚያ በኋላ ብሉይና ሐዲስ እንደ ተገለጠለት፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስቱን የዜማ ስልቶች እንደ ደረሰ፣ በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊትም ሲዘምር የንጉሡ ዘንግ እግሩን ወግቶት ሕመሙ እንዳልተሰማው የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሁሉ ያውቃል።

ይህን ታሪክ ሕፃናት ሁሉ ይሰሙታል፤ ብዙ ጊዜ ስለ ተሰማም ሳይመረመር ይታለፋል። በውስጡ ግን ሊመረመሩ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

1ኛ፤ በሰባተኛው ጊዜ ዛፉ አላጠረም፤ ትሉም ክንፍ አላወጣም። የተለወጠው የትሉ አወጣጥ ነው። ስድስቱ መውደቆች በከንቱ የጠፉ አልነበሩም፤ የሚያሟልጨው ቅርፊት የቱ እንደ ሆነ፣ የሚያስይዘውም የቱ እንደ ሆነ ያስተማሩት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ጽናት ማለት ያንኑ ስሕተት ሰባት ጊዜ መድገም አይደለም። ከመውደቁ የተማረ ሰው ጽኑዕ ይባላል፤ ሳይማር የሚደጋግም ግን ግትር ይባላል።

2ኛ፤ ያሬድ ከዛፉ ሥር ብቻውን ሊቅ አልሆነም። ከዛፉ ሥር ያገኘው ልብ ነው፤ ትምህርቱን ያገኘው ወደ መምህሩ ተመልሶ ነው። በዚህ ዘመን ሰው ራሱን ያበርታ፣ ማንንም አይፈልግ የሚል ምክር ይበዛል። ይህ ምክር ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የወደቀ ልጅ ልቡ ቢበረታ እንኳ የሚመለስበት በር ካላገኘ ብርታቱ ይደክማል። ጌዴዎን ለተመለሰው ልጅ በሩን ዘግቶበት ቢሆን ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ድጓ ባልኖራት ነበር።

3ኛ፤ ዱላው ያላስተማረውን ትሉ አስተማረው። ይህን መናገር አባቶችን መንቀፍ አይደለም፤ ታሪኩ ራሱ የሚለው ነው። ግርፋቱ ልጁን ከትምህርት አሸሸው፤ የመለሰው ግን በዓይኑ ያየው የጽናት ምሳሌ ነው። ስለዚህ ልጁን ሊያጸና የሚወድ ወላጅ ከቍጣ ይልቅ ምሳሌን ያሳየው። አባት ከሥራው ተሰናብቶ ሌላ ሥራ ሲጀምር ልጁ ያያል፤ እናት የከሰረውን ጕልት እንደ ገና ስትዘረጋ ልጇ ታያለች። ይህ ከብዙ ተግሣጽ ይበልጣል።

ካህናት ማሕሌት በሚቆሙበት ሌሊት ሁሉ፣ ከበሮና ጸናጽል በሚሰማበት ደጅ ሁሉ፣ የሚሰማው ዜማ በመጀመሪያው ትምህርቱ የወደቀ ልጅ ዜማ ነው። ልጁ ወደቀ ብሎ የሚያለቅስ ቤተ ሰብ ይህን ያስብ።

ስለ አብነት ትምህርት

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ስለ ጽናት ብዙ አይሰብክም፤ ነገር ግን ሥርዐቱ ሁሉ ጽናትን እያሠለጠነ የሚሄድ ነው።

ሕፃኑ በመጀመሪያ በ26ቱ የግዕዝ ፊደላት ላይ ከነሰባት ዘሩ፣ ይኸውም በ182 ቅርጾች ላይ ስንደዶውን እያሳረፈ ይቈጥራል። ከዚያም የዮሐንስን መልእክት በቍጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድ፣ በቁም ንባብ ያነባል። ያው አንዱ ገጽ አራት ጊዜ ይመጣበታል። በመጀመሪያው ጊዜ ፊደሉን አንድ ባንድ ይጠራል፤ በመጨረሻው ጊዜ እንደ ውኃ ያወርደዋል። ወደ ኋላ ተመልሶ ያንኑ ገጽ ማንበቡን ማንም ሰው መውደቅ ብሎ አይጠራውም። የኔታም ልጁ እንዳላወቀ ባዩ ጊዜ የሚሉት ቃል ገና ነው የሚል ነው። ወደቀ የሚለው ቃል በር ይዘጋል፤ ገና ነው የሚለው ቃል ግን በር ይከፍታል።

በቅኔ ቤት ያለው ሥርዐት ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ተማሪው ግሡንና አገባቡን እያጠና፣ መምህሩ በጉባኤ የዘረፉትን ቅኔ ከሰማ በኋላ ወደ ዱር ወይም ወደ ጥግ ሄዶ ብቻውን ቅኔ ሲቈጥር ይውላል። በሰዓቱ ተመልሶ በመምህሩ ፊት ይናገራል። መምህሩም ያርሙታል፤ ቤቱ ካልመታ፣ ምስጢሩ ካልሰመረ ጓደኞቹ እየሰሙ ይመልሱበታል። ቀኑን ሙሉ የደከመበት ነገር በአንድ ቃል ይፈርሳል። ነገር ግን በማግሥቱ እንደ ገና ወደ ዱር ይሄዳል፤ ትናንት የተናገረውንም አይደግምም፤ አዲስ ያመጣል። እንዲህ ያለ ተማሪ በየቀኑ መታረምን ስለሚለምድ እርማትን እንደ ውርደት አይቈጥረውም። በሥራ ዓለም የሚኖር ሰው ሁሉ ከዚህ ልማድ የሚያገኘው ጥቅም ብዙ ነው፤ ስሕተቱ በተነገረው ጊዜ የሚቈጣ ሠራተኛ ባለበት ይቀራል፤ ስሕተቱን ተቀብሎ በማግሥቱ የተሻለ ሥራ ይዞ የሚመጣ ግን ያድጋልና።

ደግሞም ተማሪው በመጀመሪያ ቀን ስምንት ቤት ያለውን መወድስ እንዲያመጣ አይጠየቅም። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ሁለቱን ቤት ካወቀ በኋላ ወደሚበልጠው ይሸጋገራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት በዚህ ይፈጸማል። በዚህ ዘመን ብዙ ወጣት የሚወድቀው ሰነፍ ስለ ሆነ ሳይሆን ጉባኤ ቃናውን ሳያውቅ መወድስ ስለሚፈልግ ነው። አንድ ልብስ ሳይሰፋ የስፌት ቤት ባለቤት መሆንን ይመኛል፤ ይህም ባልሆነለት ጊዜ ሙያው አልሆነኝም ብሎ ይተዋል።

ትምህርቱም ባንድ ስፍራ አያልቅም። ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይኬዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አባ፤ ቅዳሴ ለመማር ወደ ሰላልኩላ ወይም ወደ ደብረ ዓባይ፤ ለቅኔ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ፤ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ይኬዳል። ተማሪው ይህን መንገድ ለምድ ለብሶ በእግሩ የሚሄደው ለሙያው የታወቀው መምህር ያለው በዚያ ስለ ሆነ ነው። ከዚህም የምንረዳው ነገር አለ፤ ሙያ የሚወድ ሰው ለቤቱ የቀረበውን መምህር ሳይሆን ለሙያው የበቃውን መምህር ይፈልጋል።

ስለ እጅ ሙያ

ሰው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በቃል ብቻ የሚፈጸም ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የድጓ ተማሪ ድጓውን በገዛ እጁ መጻፍ ልማዱ ነበረ። ለዚህም የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይነከራል፤ በእንጨት ላይ ይወጠራል፤ ጠጕሩና ሥጋው ይፋቃል፤ በፀሓይ ይደርቃል፤ ለስልሶ ብራና ይሆናል። መስመሩ በወስፌ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቈላ እህል ይዘጋጃል፤ የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት ቀይ ቀለምም ለብቻው ይበጠበጣል። መቃው ተቀርጾ ብርዕ ይሆናል። ከዚያም ቃሉ ይጻፋል፤ በቃሉም ራስ ላይ እንደ ይዘት፣ እንደ ደረት፣ እንደ ርክርክ ያሉት የዜማ ምልክቶች ይጣሉበታል። እነዚህም ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተዘጋጁ ይነገራል።

እንግዲህ አንድ የድጓ መምህር ዜማ ዐዋቂ ብቻ ሳይሆን ቆዳ ፋቂ፣ ቀለም በጥባጭ፣ ጸሓፊና ደጓሽ ሊሆን ይችል ነበር። የእጅ ሥራው ለክህነቱ ነውር አልሆነበትም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላ ጋራ ድንኳን እየሰፋ ይኖር እንደ ነበር በግብረ ሐዋርያት ተጽፎአል። ነገር ግን በአገራችን ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን መናቅና መስደብ ለብዙ ዘመን የቆየ ክፉ ልማድ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የንቀቱ ትራፊ ግን ዛሬም በየቤቱ አለ። ፈተና የወደቀ ልጅ አናጢነት፣ የኤሌክትሪክ ሥራ ወይም ልብስ ስፌት ልማር ባለ ጊዜ ወላጁ ያፍርበታል፤ ለጎረቤትም ሳይናገር ይቀራል። ልጁም ሙያውን እንደ ቅጣት እየቈጠረ ይገባበታል። በፍቅር ያልተያዘ ሙያ ደግሞ አያድግም። ስለዚህ የእጅ ሙያ ለወደቁት የተተወ ትርፍራፊ ሳይሆን ባለቤቱን የሚያስከብር ጥበብ መሆኑ በመጀመሪያ በወላጆች ልብ ሊታመን ይገባል።

ስለ አኩፋዳ

ስለ ቆሎ ተማሪ በተነገረ ጊዜ ሁሉ የሚደነቀው የተማሪው ጽናት ነው። ብርዱን ታገሠ፤ ረኀቡን ታገሠ፤ የመንደር ውሻ አባረረው ይባላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ተማሪው አኩፋዳውን ይዞ ስለ እመቤታችን ስም ብሎ ከደጅ ሲቆም ከውስጥ ሆና ድምፁን የሰማች እናት ነበረች። እርሷም ለልጆቿ ከጋገረችው እንጀራ ቈርሳ ሰጠችው። ማን እንደ ሆነ፣ ከወዴት እንደ መጣ አልጠየቀችውም፤ ስንት ዓመት ተማርህ፣ ለምን አልጨረስህም አላለችውም። ድጓው፣ ቅኔው፣ ትርጓሜው ሁሉ እስከዚህ ዘመን የደረሰው በሊቃውንቱ ትጋትና በእነዚህ ስማቸው ባልተጻፈ እናቶች እንጀራ ነው።

ስለዚህ ጽናት የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ሌላው ሰው እንጀራውን ካላካፈለ የአንዱ ጽናት እስከ ማለዳ አይደርስም። ወደቀ የተባለውን ልጅ ጠንክር እያሉ መምከር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚያጠናበት መብራትና ስፍራ፣ የሚያስተምረው ሰው፣ ሙያ ሲማር የሚሳፈርበት ገንዘብ ሳይሰጡት ጠንክር ማለት ባዶ አኩፋዳ እያዩ በርቱ ብሎ እንደ ማለፍ ነው።

በአንጻሩ ደግሞ መታገሥና መቀመጥ እንዳይምታቱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ታጋሽ አይባልም። ዮሴፍ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ተሸጦ በሠላሳ ዓመቱ በፈርዖን ፊት እስኪቆም ድረስ በመካከሉ ዐሥራ ሦስት ዓመት አለ። እነዚያን ዓመታት በማልቀስ ብቻ አላሳለፋቸውም። በጲጥፋራ ቤት ሳለ የቤት አስተዳደርን ሠራ፤ በእስር ቤትም ሳለ የእስረኞች ኀላፊ ሆነ። ስለዚህ የግብፅን እህል ሰባት ዓመት እንዲያከማች፣ ሰባት ዓመትም እንዲያከፋፍል በተሾመ ጊዜ ለሥራው እንግዳ አልነበረም። የመከራው ዘመን የሙያው ትምህርት ቤት ሆኖት ነበርና።

ባንድ ዕድሜ ስለማይፈጸም ሥራ

ሌላም ምሳሌ አለ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀመሩ፤ ነገር ግን ሳይፈጽሙት ዐረፉ። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራውን ተቀብለው ቀጠሉ። በኢየሩሳሌም ብዙ ዓመት ተቀምጠው ዕብራይስጡንና ሌሎቹን የሴም ቋንቋዎች ከግዕዙ ጋራ እያስተያዩ ደከሙ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ሥራውን አልተዉም። ነገር ግን እርሳቸውም መጽሐፋቸው ታትሞ ሳያዩት በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሥራውንም ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በአደራ ተዉት። አለቃ ደስታም አደራቸውን ጠብቀው መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ የተባለውን መጽሐፍ በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አሳተሙት። ከዚያም በኋላ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅተው በ1962 ዓ.ም. አወጡ።

ከእነዚህ ሦስት ሊቃውንት ሁለቱ የድካማቸውን ፍሬ በዓይናቸው አላዩም። ለእነርሱ ሰባተኛው መውጣት የመጣው በደቀ መዝሙራቸው እግር ነው። የዚህ ደብር ነገርም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያውን ድንጋይ ካኖሩት እናቶችና አባቶች ብዙዎቹ ይህን ኢዮቤልዩ ሳያዩ ዐርፈዋል። ያላዩትን በዓል ልጆቻቸው አዩላቸው። እንግዲህ ሰው ሥራውን ሲመዝን እኔ አየሁት ወይስ አላየሁትም ብሎ ብቻ አይመዝነው፤ የሚረከበኝን አዘጋጅቻለሁን ብሎ ይመዝነው።

ስለ ደብሩ ሥራ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለዚህ ደብር የሚቀረው ሥራ ምን እንደ ሆነ መናገር አስቸጋሪ አይሆንም።

በመጀመሪያ፣ የደብሩ አዳራሽ ከበዓልና ከስብሰባ ቀን በቀር ተዘግቶ ይውላል። በማታ ተከፍቶ መብራት ቢበራለት ቤቱ ጠባብ የሆነበት ተማሪ ሁሉ ሊያጠናበት ይችላል። ከምእመናንም ውስጥ ሒሳብና ቋንቋ የሚያውቁ መምህራን አሉ፤ በሳምንት አንድ ማታ ቢሰጡ ለእነርሱ ጥቂት ነው፤ ለልጆቹ ግን ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ በዚህ ደብር ግንበኞች፣ አናጢዎች፣ መካኒኮች፣ ሸማኔዎች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ሐኪሞችና የሒሳብ ዐዋቂዎች ይቀድሳሉ። እያንዳንዳቸው አንድ የደብሩን ልጅ ወደ ሥራ ቤታቸው አስገብተው እንደ ቅኔ ቤት ሥርዐት ከሁለት ቤት ቢያስጀምሩት፣ እያረሙም ቢያሳድጉት፣ ሙያ ያለው ልጅ በየዓመቱ ይወጣል።

ሦስተኛ፣ የንስሓ አባቶች በየቤቱ ሲገቡ ወደቀ የተባለው ልጅ ከጓዳ እንዳይደበቅ ይጠይቁት። ስለ ውጤቱ ሳይሆን ስለ እርሱ ይጠይቁት። ሊነገረው የሚገባ ቃልም አለ፤ የኔታ ለሕፃኑ የሚሉት ያ ቃል ነው፤ ገና ነው።

አራተኛ፣ በደብሩ ያለው የአብነት ትምህርት ቤት እንዳይዳከም መጠበቅ ያስፈልጋል። ልጁ ድጓ ባይዘልቅ፣ ካህን ባይሆን እንኳ በየኔታ ፊት ተቀምጦ መታረምን የለመደ ልጅ በማናቸውም ሥራ ሳይሸሽ ይማራል።

የኦሪቱ ኢዮቤልዩ ቀንደ መለከቱ በተነፋ ጊዜ ሁሉ ያጣው ወደ ርስቱ ይመለስ ነበር። የዚህ ደብር መለከትም ዛሬ ተነፍቶአል። በዚህ በዓል ደስ የሚላቸው ባለ ርስቶቹ ብቻ ከሆኑ መለከቱ በከንቱ ተነፋ ማለት ነው። ነገር ግን ከደጁ ቆሞ የሚያመነታ አንድ ልጅ እንኳ ድምፁን ሰምቶ ወደ መምህሩ ቢመለስ፣ አንዲት እናትም ወደቀ ስለ ተባለው ልጇ ማፈሯን ትታ እጁን ይዛ ወደ ሙያ ቤት ብትወስደው፣ በዓሉ በእውነት ኢዮቤልዩ ይሆናል።

ያሬድን ከዛፉ ሥር ያነሣ፣ ዮሴፍንም ከእስር ቤት ያወጣ አምላክ የደብሩን ልጆች ያንሣ፤ መምህራኑን ያበርታ፤ በየደጁ የእንጀራ ፍርፋሪ ያልነፈጉትን እናቶች ዋጋቸውን በመንግሥቱ ይክፈላቸው። ለሚቀጥለውም ኢዮቤልዩ የሚቆሙትን ልጆች ከዛሬዎቹ የሚበልጡ ያድርጋቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።